ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሞተርና የኪስ ስካነር፦ የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ሲመዘን

200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ ኮሮላ ወይም ቪትዝ አንድ የታወቀ ጠባይ ያመጣል። መንገድ ላይ ደህና ነው። ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ግን አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጅ ላይ ይርገበገባል፣ የዙር መርፌው 700 ላይ ቆይቶ ወደ 500 ይወርድና ይመለሳል። ጋራዥ ሲገባ ደግሞ እንደ አዲስ ጸጥ ይላል። «ጋሼ፣ ቅድም እኮ ነበር!» ይላል ባለቤቱ። መካኒኩ ምን ያድርግ? ካንዴላ ያስቀይራል። ሦስት ቀን ተሽሎት በአራተኛው ይመለሳል፤ ከዚያ ቦቢና፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፕ፣ በመጨረሻ «ኮምፒውተሩ ነው» ይባላል። ይህን ሁሉ ወጪ ያመጣው አንድ የተሰነጠቀ የጣት ርዝመት ያለው ላስቲክ ሊሆን ይችላል።

በመለዋወጫ ሱቆችና በስልክ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው፣ ክብሪት ሣጥን የሚያክለው የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ (ስካነር፤ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የጥፋት ቁጥሮች ወደ ስልክ የሚያመጣው) የሚጠቅመው እንዲህ ላለው እየመጣ ለሚሄድ ችግር ነው። ብዙ ሰው ግን የሚገዛው ቼክ ኢንጂን መብራት ለማጥፋት ነው። ለዚያ ብቻ ከሆነ ባይገዛው ይሻላል። የዕቃው ዋጋ ኮድ በማንበብ ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ የሚያወጣቸውን ቁጥሮች ስልክ ላይ በመቅዳት ነው፤ ችግሩ መካኒኩ ፊት ባይታይም ቅጂው ላይ ይቀራል።

ዕቃው ላይ «ኢኤልኤም 327» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስም ኢኤልኤም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራው ቺፕ ስም ነው፤ ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮፒ ነው። ኮፒ መሆኑ ብቻውን አያስጥለውም፤ ኮፒውም ሁለት ዓይነት ነው። «1.5» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ መኪኖች ጋር ይግባባል፤ «2.1» የሚለው ግን ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ ይመስላል እንጂ ከትእዛዞቹ ብዙዎቹ የተቆረጡበት ነው። ቀልዱ፣ 1.5 የሚባል ቺፕ ኢኤልኤም ራሱ አውጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አትመኑ። ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ መኪና ላይ ሰክታችሁ የዙር ቁጥር፣ የውሃ ሙቀትና የነዳጅ ማስተካከያ (ኮምፒውተሩ ቤንዚን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ) ማምጣቱን እዩ። ሦስቱን ካላመጣ ይመለስ። ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ያለውን መምረጥም ዋጋ አለው፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

አሁን ስለ መኪናው። መሰኪያው ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ለአውሮፓ የተሠሩ ባለ ቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦቢዲ 2 በተባለው የጋራ የምርመራ ቋንቋ ስለሚናገሩ ችግር የለም። የሚያስቸግሩት ለጃፓን ገበያ ተሠርተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዞች ናቸው። መሰኪያው አለ፣ ቅርጹም ያው ነው፤ ቋንቋው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አፑ «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። እነዚህን አንዳንዱን በአፑ ቅንብር ውስጥ የቶዮታ ልዩ መነሻ ትእዛዝ በማስገባት ማናገር ይቻላል፤ አንዳንዱ ግን አይሆንም። ዲኤክስና ሌሎች ባለ ካርቦራቶር መኪኖች፣ እንዲሁም የቆየው ባለ ናፍጣ ዶልፊን፣ ከነጭራሹ አይመለከታቸውም።

ስካነሩ ካልተግባባ ቶዮታ ላይ አንድ የቆየ መንገድ አለ። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ የመሰኪያውን ቁጥር 4 እና ቁጥር 13 ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ባለ ሁለት አኃዝ ኮድ ይቆጥራል። ቀዳዳውን በጥንቃቄ ቁጠሩ፤ 16 ቁጥር ቀጥታ የባትሪ ኃይል ስለሆነ ከማሳ (ከመኪናው ብረት አካል፣ ከኔጌቲቩ) ጋር ከተነካ ፊውዝ ይበላል። የማብሪያ ማጥፊያው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መኪናው ቢቆለፍም ስካነሩ ከ16 ቁጥር ኃይል ይጠጣል፤ ሳምንት ቆሞ የሚሰነብት መኪና ላይ ተሰክቶ ከተረሳ፣ በተለይ ባትሪው አሮጌ ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሪኖው አይዞርም።

አንድሮይድ ስልክ በቂ ነው። የማጣመሪያው ቁጥር 1234 ወይም 0000 ነው። አይፎን የያዘ ሰው ተራውን የብሉቱዝ ዓይነት አይግዛ፤ ባለ ዋይፋዩን ወይም ብሉቱዝ 4.0 የሚለውን ይጠይቅ። «ቶርክ» እና «ካር ስካነር» የተባሉት አፖች ሁለቱም ይሠራሉ። አንድ ስህተት ግን ብዙ ሰው ይሠራል፦ አፑ ላይ ያለውን መለኪያ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይደረድራል። የቆዩት ቶዮታዎች መረጃ የሚልኩበት መስመር ቀርፋፋ ነው፤ 15 መለኪያ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ቁጥር የሚታደሰው ከብዙ ሰከንድ በኋላ ነው፤ በመሀል የመጣውና የሄደው መንቀጥቀጥ አይያዝም። አራት ይብቃችሁ፦ የዙር ቁጥር፣ የአጭር ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ፣ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ፣ የውሃ ሙቀት። ሌላውን በሁለተኛ ዙር።

ከቁጥሮቹ በፊት የቦታውን ከፍታ ማወቅ ግድ ነው፤ የጥገና መጽሐፉ ልክ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነውና። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየር ግፊቷ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ሆና ወደ 81 ትወጣለች። በባሕር ጠለል 101 ነው። የማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ አንብቡ። ደሴ ላይ 75 አካባቢ ካላለ ወይ ሴንሰሩ ወይ ስካነሩ ይዋሻል፤ ሌላ ምርመራ ከመጀመር በፊት ይህ ይጣራ። ባለ መርፌ የቫኩም መለኪያ የሚጠቀም መካኒክም እንዲሁ፤ በባሕር ጠለል ከ18 እስከ 21 ኢንች የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ ከ10 እስከ 13 ቢያሳይ አልታመመም። ይህን ባለማወቅ ደህና ቴስታታ (የሞተር ራስ) የሚያስፈታ አለ።

ኮድ ካለ አታጥፉ። ይህን ሁለት ጊዜ ብለው አይጎዳም። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን የዙር ቁጥር፣ ሙቀት፣ ጭነትና የነዳጅ ማስተካከያ አብሮ ያስቀምጣል፤ አፑ ላይ «ፍሪዝ ፍሬም» ተብሎ ይገኛል። ኮዱ ሲጠፋ ይህም ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ለወራት የተማረው የረጅም ጊዜ ማስተካከያም ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። መብራት ባይበራም «ፔንዲንግ» የሚለውን ክፈቱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ጥፋት መብራት ሳያበራ እዚያ ይጠብቃል። መብራቱ በርቶ ከመቆየት ይልቅ ብልጭ ድርግም ካለ ግን የሚስተው ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ (የጭስ ማጽጃው) እየላከ ነው፤ በዚያ ሁኔታ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ካታሊስቱን ማቅለጥ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ የነዳጅ ማስተካከያ። ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያየ ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ የጨመረው በፕላስ፣ የቀነሰው በማይነስ መቶኛ ይታያል። የአጭሩንና የረጅሙን ደምሩ። ድምሩ በፕላስ ወይም በማይነስ 10 ውስጥ ከሆነ ይለፍ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ድምሩ ፕላስ 20 ሆኖ፣ ጋዝ ረግጣችሁ 2,500 ዙር ላይ ስትይዙት ወደ 3 ወይም 4 ከወረደ፣ ሞተሩ ያልተለካ አየር እየሳበ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሚኒሞ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው የሚያስገባው ድርሻ ትልቅ ይሆናል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን በዋናው መንገድ ብዙ አየር ስለሚገባ የቀዳዳው ድርሻ ይጠፋል። ተቃራኒው፣ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ፕላስ 20 የሚል ከሆነ፣ ቤንዚኑ አይደርስም፤ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር። በሚኒሞ ማይነስ 15 ካለ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ሳይዘጋ የቀረ የቤንዚን ትነት ቫልቭ፣ ወይም ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ይጠረጠራል። ዲፕስቲኩን አሽትቱት፤ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ መጀመሪያ ዘይት ይቀየር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ካንዴላ ሲስት በሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ሳይቃጠል ይወጣል። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ብቻ ስለሆነ «ቤንዚን አነሰ» ይላል፤ ማስተካከያው ወደ ፕላስ ይወጣል። የማርሚታው መስመር ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለውም እንዲሁ ይሆናል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ጠጋ ብሎ የ«ጭፍ ጭፍ» ድምፅ ማዳመጥ ነው። ስለዚህ «ቤንዚን አነሰ» የሚለውን ፒ0171 ኮድ አይቶ ሴንሰር የሚያስቀይር ሰው ችግሩን ሳይሆን ምስክሩን እየቀጣ ነው።

ያልተለካ አየር ከየት ይገባል? ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጡት ኮሮላዎች ላይ ያለው 1.8 ሊትር 1 ዜድ ዜድ ሞተር በዚህ ይታወቃል፤ የኢንቴክ (የአየር መግቢያ) ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ከዕድሜ ብዛት ይደርቅና በብርድ ይሸበሸባል። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ተነስቶ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ጓርኒሲዮኑ ይለጠጥና ይተዋል። መካኒኩ ጋ በአራት ሰዓት ሲደርስ ምንም የለም። ኮምቦልቻ የሚያድር ተመሳሳይ መኪና ደግሞ በማለዳውም ላያሳየው ይችላል፤ ሌሊቱ እንደ ደሴ አይበርድማ። መፍትሔው ጓርኒሲዮኑን በአዲሱ ዓይነት መለወጥ ነው፤ ማስቲሽ መቀባት አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ የፒሲቪ (የሞተሩን የውስጥ ትነት መልሶ ወደ ማኒፎልዱ የሚያስገባው) ቱቦ ክርኑ ላይ ይሰነጠቃል፤ በእጅ ሲታጠፍ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ስለሆነ በዓይን አይታይም። የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ በፒንሳ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስትቆነጥጡት መንቀጥቀጡ ከቆመ ሰርቮው ነው። ከአየር ፊልትሮ ወደ ትሮትል (ጋዝ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) የሚሄደው ወፍራም ጎማ ከታች በኩል ባሉት እጥፋቶቹ መሀል ይቀደዳል፤ ሞተሩ ሲናወጥ ብቻ ይከፈታል። የካርቦራቶር ማጽጃ በመንፋት መፈለግ የተለመደ ነው፤ በጋለ ማርሚታ አጠገብ ግን እሳት ነው። ውሃ በመንፊያ ብልቃጥ በቀጭኑ ርጩና ድምፁ ሲለወጥ ስሙ፤ የአጭር ጊዜ ማስተካከያውም በዚያው ቅጽበት ሲዘል ስልኩ ላይ ይታያል። ስካነሩ ዋጋውን የሚመልስበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ሲሊንደር ለይቶ የሚናገር ኮድ ካለ ሥራው ይቀላል፤ ፒ0301 አንደኛው፣ ፒ0304 አራተኛው ሲሊንደር ነው። ቦቢና ከመግዛት በፊት የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሦስተኛው አዛውሩ፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተከተለ ቦቢናው ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን አዛውሩ፤ አሁንም ከቀረ ኢንጀክተር ወይም ኮምፕሬሽን። ኢንጀክተሩ በኦም መለኪያ 13 ወይም 14 አካባቢ ማንበብ አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን ማዛወር ምንም አያስተምርም፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሙከራ። ፒ0300 ብቻ ከሆነ መሳቱ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር እየዞረ ነውና ቦቢና አትጠርጥሩ፤ አየር፣ ቤንዚን ወይም ማሳ ነው።

ኮድ በሌለበት በሦስት ሲሊንደር ይሠራል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሚኒሞ እያለ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲነቀል ዙሩ የማይወርደው ሲሊንደር ሥራ የማይሠራው ነው። የቦቢናውን ሶኬት መንቀል ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ካታሊስቱ ይሄዳልና የኢንጀክተሩ ይሻላል። ካንዴላውን ስታወጡ ጉድጓዱን እዩ። ዘይት ካለበት የቴስታታ ክዳኑ ጓርኒሲዮንና የካንዴላ ጉድጓድ ማሸጊያዎቹ ደርቀዋል፤ ዘይቱ የቦቢናውን ላስቲክ አልስልሶ ብልጭታው በጎን እንዲያመልጥ ያደርጋል፤ በተለይ እርጥበት ባለበት ቀን። አዲስ ቦቢና ገጥሞ ዘይቱን ዝም ማለት ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ቦቢና ገንዘብ ማዘጋጀት ነው። የ1 ዜድ ዜድ ቦቢና ቁጥር 90919-02239 ነው፤ የቪትዝና የያሪሱ 1.3 እና 1.5 ሊትር ሞተር ደግሞ 90919-02240። የሱቁ ሰው «ያው ነው፣ ይገጥማል» ቢልም ቁጥሩን አስነብቡት። የኢሪዲየም ካንዴላ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ካልሆነ ሣጥኑ ምንም ቢል ኢሪዲየም አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ መሀላቸው ሐረጎ ነው። እየመጣ የሚሄድ መንቀጥቀጥ ለማጥመድ ከዚህ የተሻለ የሙከራ መንገድ ማሰብ ያስቸግራል፤ በአንድ ጠዋት ብርድ፣ ረጅም ቁልቁለት፣ ሙቀትና ዳገት በተራ ያመጣልና። ቅጂውን አስጀምራችሁ ደሴ ላይ ከሌሊት ብርድ በቀጥታ አስነሱ፣ ሳትረግጡ 10 ደቂቃ በሚኒሞ ተዉት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ገና አያዳምጥም፤ የአጭሩ ማስተካከያ ዜሮ ላይ ይተኛል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ከዚያ በማርሽ እየያዛችሁ፣ ጋዝ ሳትረግጡ፣ ሐረጎን ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወዲያው ቁሙና 5 ደቂቃ በሚኒሞ አሠሩት፤ መብራት፣ ቬንትሌተርና ኤሲ አብሩ። ከዚያ ተመልሳችሁ ውጡና ደሴ ላይ ሌላ 5 ደቂቃ። አራት ቅጂ፣ አራት ሁኔታ።

ቅጂው ምን ይላል? በብርዱ ብቻ ከታመመ ጓርኒሲዮን፣ የቆሸሸ ትሮትል ወይም የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ኮምቦልቻ ደርሶ ሲቆም ተንቀጥቅጦ፣ ሰማያዊ ጭስ አውጥቶ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከተወ፣ ነገሩ ዘይት ነው። በረጅም ቁልቁለት ትሮትሉ ተዘግቶ ሞተሩ በጎማው ሲዞር በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው መሳብ ይበረታል፤ ያረጀው የቫልቭ ማሸጊያና የፒስቶን ቀለበት ዘይት ወደ ላይ ያሳልፋል፤ ካንዴላው ይረጥባል። ቀደም ብለው የተሠሩት 1 ዜድ ዜድ ሞተሮች ዘይት በመብላት ስለሚታወቁ እነዚህ ላይ አይደንቅም። እንዲህ ያለውን መኪና ስካነሩ ቁጥር እየሰጠ በከንቱ ያደክማችኋል፤ ዓይንና አፍንጫ ይበቁታል።

የውሃ ሙቀቱን መስመርም ተከታተሉ። ሞተሩ እንዳይግል ተብሎ ተርሞስታቱ የተነሳበት መኪና ጥቂት አይደለም። ተርሞስታት ያለው ሞተር ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ውስጥ ይቆያል፤ የሌለው ሐረጎን ሲወርድ ከ70 በታች ይወድቃል። ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ሚኒሞውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። የተርሞስታት ዋጋ ከአንድ ቦቢና በብዙ ያንሳል፤ ግን መልሶ የሚገጥመው ጥቂት ነው። የራዲያተር ችግር ካለ ራዲያተሩ ይጠገን እንጂ!

በሙቀት ብቻ፣ ማለትም ከዳገቱ በኋላ፣ ከተንቀጠቀጠ ሲግል ውስጡ የሚቋረጥ ቦቢና ወይም የተጣበበ የቫልቭ ክፍተት ይጠረጠራል። 1 ዜድ ዜድ ሞተር ሲቀዘቅዝ የኢንቴክ ቫልቭ ክፍተቱ ከ0.15 እስከ 0.25፣ የኤግዞስቱ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የሚንጫጫ ቫልቭ ባለቤቱን ያስደነግጠዋል፤ የሚያስፈራው ግን ዝም ያለው ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ስካነሩ የማያያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸውና ለእነርሱ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኮምፕሬሽን ሲለካ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ትሮትሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ኢንጀክተሮቹና ቦቢናዎቹ ተነቅለው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው። ደሴ ላይ የሚነበበው ከመጽሐፉ ሩብ ያህል ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ዋናውን ቁጥር ሳይሆን የሲሊንደሮቹን ልዩነት አንብቡ፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ዝቅ ያለው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ስትለኩ ከወጣ ቀለበት፣ ካልወጣ ቫልቭ ነው። የሞተር መቀመጫ ጎማም እንዲሁ አይታይም፤ እዚህ ግን ስካነሩ በተዘዋዋሪ ይረዳል። ወንበሩ እየተንቀጠቀጠ የዙር ቁጥሩ 690፣ 700፣ 695 እያለ ከተረጋጋና ማስተካከያው ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጎማው ነው የሞተው። አውቶማቲክ ከሆነ በዲ ይዞ ፍሬን ረግጦ ሲቆም የሚብስ፣ በኤን የሚቀንስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሙሉ የካንዴላና የቦቢና ስብስብ የሚያስቀይር መኪና ብዙ ነው።

ትሮትሉ ሲቆሽሽ ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሮኒክ የሆነውን ግን ቁልፉ ተከፍቶ በጣት አትግፉት፤ ጥርሱ ይጎዳል። ካጸዳችሁ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ በቆሻሻው ልክ ተምሮ ነበርና ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ተነቅሎ እንደገና ይማር። የቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚለዋውጠው ሥርዓት) ዘይት ቫልቭ ተጣብቆ ክፍት ሲቀር ሞተሩ በሚኒሞ ይሰናከላል፣ አልፎም ይጠፋል፤ ኮዱ ብዙ ጊዜ ፒ0011 ነው። ቫልቩን አውጥቶ ማጠብ፣ ከአጠገቡ ያለችውን ትንሿን ወንፊትም አለመርሳት፤ ኦሙ ከ6.9 እስከ 7.9 ነው። ዘይት ዘግይቶ የሚቀይር ሰው ይህን በየጊዜው ያየዋል።

ቤንዚን በጀሪካን ከተቀዳ በኋላ የጀመረ መንቀጥቀጥ ደግሞ ስካነር አያስፈልገውም፤ ትንሽ ቀድታችሁ በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ሰዓት አስቀምጡ፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል።

ከሌሎች ጋር ሲወዳደርስ? ላፕቶፕ ላለው ጋራዥ በቶዮታ ላይ «ሚኒ ቪሲአይ» የተባለው ገመድ ከቶዮታ «ቴክስትሪም» ፕሮግራም ጋር ይበልጠዋል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ስንት ጊዜ እንደሳተ ይቆጥራል፣ ቫልቮችን ከላፕቶፑ ያዛል። ተራው የብሉቱዝ ዕቃ ይህን በቆዩት መኪኖች ላይ አያደርግም፤ ካን በተባለው ፈጣን የመረጃ መስመር በሚሠሩት አዳዲሶቹ ላይ ብቻ፣ አፑ ውስጥ «ሞድ 6» በሚለው ስር፣ ከኤ2 እስከ ኤ5 ያሉት መስመሮች ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር ያለውን መሳት ያሳያሉ። ልዩ ልዩ መኪና የሚያስተናግድ ጋራዥ እንደ ላውንች ያለ ትልቅ ስካነር ቢይዝ ያዋጣዋል። ለአንድ ኮሮላ ወይም ያሪስ ባለቤት ግን ይህ ትንሽ ዕቃ ይበቃዋል፤ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከአንድ ኦሪጂናል ቦቢና በታች ነውና አንድ ያለ አግባብ የሚገዛ ቦቢና ካስቀረ ራሱን ከፍሏል።

ከአምስት አራት ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ የተቀነሰችው አንዷ ለ«2.1»ዱ ማታለያ ናት። ለዲኤክስ ባለቤት ዜሮ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ላለው፣ ሱቁ በር ላይ ሰክቶ ሳይሞክር ብር አያውጣ።